ክርስቲያናዊ ታሪካዊ የፍቅር ልብ ወለድ መጻፍ ጥሪ ነው ወይ? (ከነምላሾቹ)

የዚህ የኢንተርኔት መድረክ የውይይት ክር የመክፈቻ ጥያቄ የእኔ ነው። ላለፉት አራት ዓመታት ቀን ቀን የሰው ሒሳብ ስሠራ እውላለሁ፤ ማታ ልጆቼ ሲተኙ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ ልብ ወለድ እጽፋለሁ። ዘመኑ የዐፄ ሱስንዮስ ነው። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀብለው፣ አገሩ ተከፍሎ፣ ወንድም በወንድሙ ላይ ጦር የሰበቀበት፣ በመጨረሻም ንጉሡ ራሳቸው የአባቶች ሃይማኖት ይመለስ ብለው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል የለቀቁበት ዘመን ነው። ባለታሪኬ በአንዲት ወይዘሮ ቤት ያደገች ወላጅ አልባ ልጅ ናት። የምትወደው ወጣት የንጉሡ ጭፍራ ሲሆን እምነቱን ከጌቶቹ ጋር ለውጧል።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ገድለ ወለተ ጴጥሮስ ነው። የቅድስቲቱ ባል መልክአ ክርስቶስ ከንጉሡ መኳንንትና አማካሪዎች አንዱ ነበር። ሦስት ልጆች ወልዳለት ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። እርሷ ለመመነን ከቤቷ ስትወጣ ባሏ ወታደር ይዞ ሊፈልጋት ተነሣ፤ እርሷም ስለ እኔ ሕዝብ አይጎዳ ብላ ተመለሰች። ዳግመኛ ወጥታ የቀረችው በጦርነት የተገደሉትን የጳጳሱን የአቡነ ስምዖንን ልብሰ ጵጵስና በባሏ እጅ ካየች በኋላ ነው። ይህን ሳነብ የቅድስቲቱን ጽናት አደነቅሁ፤ ግን ሌላም ሐሳብ መጣብኝ። በዚያ ቤት ውኃ የሚቀዱ፣ እህል የሚፈጩ፣ ከዚያው ቤት ጭፍሮች ጋር የሚዋደዱ ልጃገረዶች ነበሩ፤ ሃይማኖት ባልና ሚስትን ሲለያይ እነርሱ ምን ሆኑ?

ጥያቄዬ አጭር ነበር። ይህን መጻፍ ጥሪዬ እንደ ሆነ ይሰማኛል። አንድ አሳታሚ ግን የእጅ ጽሑፉን ካገላበጠ በኋላ፣ መንፈሳዊ ከሆነ ፍቅሩን እንዳወጣ፣ የፍቅር ከሆነ ደግሞ ጸሎቱን እንዳወጣ መክሮ መለሰልኝ። ለጥሪዬ ማስረጃ ይሆነኛል ብዬ፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ በአንዲት ሌሊት፣ አንድም ቃል ሳልሰርዝ እንደ ተጻፈ ገለጽሁ፤ ምዕራፉንም ከጥያቄው ጋር አያያዝሁት። አሁን ምላሾቹ 29 ደርሰዋል። አዲስ የሚገቡ አንባቢዎች ሁሉንም ወደ ኋላ ሄደው ማንበብ እንዳይቸገሩ፣ የማንንም ቃል በቀጥታ ሳልጠቅስ፣ ሐሳባቸውን በየተራ ቁጥሩ እተርካለሁ።

ምላሽ 1 ከሐዋሳ የጻፈች የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባል ናት። ስለ መክሊቱ ምሳሌ አነሣች፤ የተሰጣቸውን ያተረፉትንና አንዱን መክሊት በመሬት የቀበረውን አገልጋይ አስታውሳ፣ አሳታሚ እምቢ አለ ብዬ እንዳልቀብር አበረታታችኝ። ምዕራፉን ገና እንዳላነበበች በቅንነት ተናገረች። በረከቷን በደስታ ተቀበልሁ።

ምላሽ 2 የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ የሆነ ዲያቆን ነው። አነጋገሩ ትሕትና የሞላበት ነበር፤ ጥሪ የሚለውን ቃል ግን በቀላሉ አላሳለፈልኝም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ልማድ ሰው ለክህነት የሚለየው በአንብሮተ እድ፣ ማለትም በጳጳስ እጅ መጫን ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው ሥራ ሁሉ አገልግሎት ሊሆን ይችላል፤ አገልግሎት መሆኑ ግን በሠሪው ስሜት ሳይሆን በሥራው ፍሬ ይታወቃል ሲል አስረዳ። የንስሐ አባቴን አማክሬ እንደ ሆነም ጠየቀኝ። አላማከርሁም ነበር። ለዚህ ጥያቄ በክሩ ላይ መልስ ሳልሰጥ ማለፌን ማንም አላስተዋለም ብዬ አስቤ ነበር፤ በኋላ እንደሚታየው ተሳስቻለሁ።

ምላሽ 3 ከባሕር ዳር የጻፉ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ከክሩ ሁሉ ረጅሙ ይህ ነው፤ እኔም በዚህ ላይ ቆም እላለሁ። መምህሩ ምዕራፉን እንደ ፈተና ወረቀት አርመውታል ብል ማጋነን አይሆንም። በመጀመሪያ ዘመኑን አረሙ፦ 1622 ዓ.ም. ብዬ የጻፍሁት የአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው፤ በእኛ 1614 ዓ.ም. ገደማ ይሆናል፤ የሃይማኖቱ መመለስም በእነርሱ 1632፣ በእኛ 1624 ነው። ቀጥለው ወደ መክፈቻው ትዕይንት ሄዱ። ሁለቱን ወጣቶች ያገናኘሁት በጎንደር፣ በፋሲል ግንብ ጥላ ሥር ነበር። ሱስንዮስ በዚያን ጊዜ ቤተ መንግሥታቸው በደንቀዝ ነበረ፤ ጎንደርን ፋሲል የቈረቈሩት እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ነው። ስለዚህ ወጣቶቼ ገና ባልተሠራ ግንብ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። በዚያ ጥላ የሚሸተው የባሕር ዛፍ ቅጠል ደግሞ ከአውስትራሊያ ተነሥቶ አገራችን የደረሰው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ነው። ወይዘሮዋ ለእንግዳዋ ቡና ታስፈላለች፤ በደጋው ክርስቲያን ዘንድ ግን ቡና መጠጣት የሙስሊሞች ልማድ ነው ተብሎ እስከዚያው መቶ ዘመን መጨረሻ ይነቀፍ ነበር። ነጋዴው በማርያ ቴሬዛ ብር ይከፍላል፤ ንግሥቲቱ ራሷ የተወለደችው ከታሪኬ መቶ ዓመት ያህል ቈይታ ሲሆን፣ በአገራችን ገበያ የምናውቀው ብር ደግሞ 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት ነው። አሞሌ ጨው ብል ኖሮ ማንም አይከስሰኝም ነበር።

ከሁሉ ያሳፈረኝ ግን የመጨረሻው እርማት ነው። የወይዘሮዋን እኅት ሠርግ ያደረግሁት በመጋቢት አጋማሽ ነበር፤ ቃሉ ደስ ስላለኝ ብቻ። መምህሩ የባሕረ ሐሳቡን ስሌት አስቀመጡልኝ፦ ፋሲካ ከመጋቢት 26 ቀድሞ፣ ከሚያዝያ 30 ዘግይቶ አይውልም፤ ዐቢይ ጾም ዘገየ ቢባል በመጋቢት 5 ይገባል። ስለዚህ የመጋቢት አጋማሽ በየትኛውም ዓመት ከዐቢይ ጾም አያመልጥም። ክርስቲያናዊ ነው ባልሁት መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ ውስጥ ክርስቲያኖቹን ሁሉ በሁዳዴ ጠጅ አስጠጥቼ፣ ሥጋ አብልቼ፣ አስጨፍሬአቸዋለሁ። ያውም እኔ ራሴ በየዓመቱ የምጾመውን ጾም!

ምላሽ 4 መምህሩን በቁጣ ተቃወመ። ልብ ወለድ ልብ ወለድ ነው፤ አንባቢ የሚፈልገው የልብ እውነት እንጂ የዛፍ ታሪክ አይደለም፤ እንዲህ ያለው እርማት የጀማሪን ክንፍ ይሰብራል አለ። መምህሩ በምላሽ 5 መለሱ፤ በዚህ ጊዜ ድምፃቸው ተቀይሯል። ስለ ዛፉ የዋሸ ጸሐፊ ስለ ጸሎቱ እውነት እንደ ተናገረ አንባቢው በምን ያውቃል ብለው ጠየቁ። ታሪካዊ የሚለውን ቃል ከሽፋኑ ላይ ካወጣሁት እርሳቸውም እርማታቸውን እንደሚያወጡ በሁለት መስመር ጨመሩ።

ከምላሽ 6 እስከ 8 ያሉት ስለ ቡና ናቸው፤ ፈጥኜ አልፋቸዋለሁ። አንዱ ቡና ከከፋ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰ የእኛ ሀብት እያለ በአገሩ ተነቅፎ ነበር መባሉ ስድብ መሰለው። አንዲት እናት ቅድመ አያታቸው ቡና ሲሸታቸው ያማትቡ እንደ ነበር ከቤተሰብ ሰምተው አወሩ። ሦስተኛው ሁለቱም እውነት እንደ ሆነ፣ ዛፉ የእኛ ሆኖ ሳለ የደጋው ክርስቲያን ዘግይቶ እንደ ለመደው አስታረቀ።

ምላሽ 9 ክሩን ወደ ጥያቄው መለሰው። ከሜሪላንድ የጻፈች እኅት በአሜሪካ ይህ ዓይነት ጽሑፍ የራሱ አሳታሚዎች፣ የራሱ የመጽሐፍ መደብሮችና ብዙ አንባቢዎች ያሉት ዘርፍ እንደ ሆነ ገለጸች። ስለ ፍራንሲን ሪቨርስ ተረከች። ይህች ጸሐፊ አስቀድማ ዓለማዊ የፍቅር ልብ ወለዶችን ትጽፍ ነበር፤ በ1986 እ.ኤ.አ. ክርስቶስን ተቀብላ ካመነች በኋላ ለዓመታት መጻፍ አልቻለችም። ብዕሯ የተመለሰው መጽሐፍ ቅዱስን በማጥናት ላይ ሳለች ነቢዩ ሆሴዕ ጋ ስትደርስ ነው። ሆሴዕ ከጎሜር ጋር የነበረውን ትዳር ወስዳ በ1850ዎቹ የካሊፎርኒያ የወርቅ ፍለጋ ዘመን ውስጥ አስገብታ ጻፈችው፤ መጽሐፉም በ1991 ታትሞ በሰፊው ተነበበ። የሜሪላንዷ እኅት ትኩረት ግን በዝምታው ላይ ነበር። ጥሪ ማለት መጻፍ ብቻ ሳይሆን ሳይጽፉ መቈየትም ሊሆን እንደሚችል ተናግራ፣ በአንዲት ሌሊት አንድም ቃል ሳይሰረዝ የተጻፈውን ምዕራፌን በጨዋነት ነካ አደረገችው።

ምላሽ 10 ጨዋነት አላስቸገረውም። ይህ ዘርፍ የአሜሪካ ሸቀጥ ነው፤ ልጅቷ ጸሎተኛ፣ ልጁ ክፉ፣ በመጨረሻ ልጁ ይመለስና ሠርግ ይሆናል፤ እኛ ገድል፣ ድርሳንና ቅኔ ያለን ሕዝብ ይህን መቅዳት አያስፈልገንም ሲል አጣጣለው። በስሜ ጠርቶ ባይሰድበኝም ስድቡ ለእኔ መሆኑ ግልጽ ነበር።

መልሱን የሰጠችው ምላሽ 11፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የምታስተምር ሴት ናት፤ በክሩ ውስጥ ከሁሉ የጠቀመኝ ሐሳብ የመጣው ከእርሷ ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙትና ጦቢያ በሚል ስም የምናውቀው ድርሰት፣ ራሱ ምን እንደ ሆነ እንድናስተውል ጠየቀች። በክርስቲያኖችና በአረማውያን መካከል ጦርነት አለ፤ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች፤ አረማዊው ንጉሥ ሴት መሆኗን ሲያውቅ በፍቅሯ ተሸንፎ ክርስትናን ይቀበልና ያገባታል። ይህ ክርስቲያናዊ ታሪካዊ የፍቅር ልብ ወለድ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? እንግዲህ ዘርፉን ከአሜሪካ አልቀዳንም፤ በራችንን የከፈትነው በዚሁ ነበር።

ደስታዬ ብዙ አልቈየም። ምላሽ 12 የምላሽ 11ን ነጥብ ተቀብሎ አቅጣጫውን አዞረው። የጦቢያ ንጉሥ የተጠመቀው እግዚአብሔርን ፈልጎ ነው ወይስ ልጅቷን? እርሱ ሲጠመቅ ሕዝቡ ተከተለው፤ ንጉሥ ሲለወጥ ሕዝብ ይለወጥ የሚለው አሠራር ደግሞ ሱስንዮስ ያደረጉት ነው፤ አገሩም የነደደው በዚህ ነው። ስለዚህ የእኔ ባለታሪክ ወጣቱን በፍቅሯ ወደ ሃይማኖቱ የምትመልሰው ከሆነ፣ እወቅሰዋለሁ ያልሁትን ሥራ በሌላ እጅ መሥራቴ እንደ ሆነ አስጠነቀቀኝ። ይህን ሳነብ ወረቀቴን አንሥቼ ምዕራፍ 14ን ተመለከትሁ። ወጣቱ ማተቡን መልሶ የሚያስረው ልጅቷ ስታለቅስ አይቶ ነው። ሌላ ምክንያት አልሰጠሁትም ነበር።

ከዚህ በኋላ ክሩ ከመንገድ ወጣ። ምላሽ 13 አፈወርቅ በጠላት ወረራ ዘመን ከጣልያን ጋር ማበራቸውን፣ ጣልያኖቹም አፈ ቄሣር የሚል ማዕረግ እንደ ሰጧቸው አንሥቶ፣ የባንዳ መጽሐፍ ለክርስቲያናዊ ጥሪ ምሳሌ ሊሆን አይገባም አለ። ምላሽ 14 መጽሐፉ ከወረራው ወደ 28 ዓመት ያህል ቀድሞ እንደ ታተመ አስታወሰ። ምላሽ 15 ሁለቱንም በአንድነት ሰደበ። ምላሽ 16 የመድረኩ ኃላፊ ሲሆን፣ ውይይቱ ስለ ድርሰት እንጂ ስለ ጸሐፊው ፍርድ እንዳልሆነ አሳስቦ ምላሽ 15ን ሰርዞታል፤ ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል። በግሌ የምላሽ 13 ጥያቄ ከንቱ ነው አልልም። ጥሪ በጸሐፊው ሕይወት የሚለካ ከሆነ ብዙ መጻሕፍት ይወድቁብናል፤ በሥራው ብቻ የሚለካ ከሆነ ደግሞ ጥሪ የሚለው ቃል ምን ይሠራል? ማንም አልተከተለውም፤ እኔም በዚያን ጊዜ አልደፈርሁም።

ምላሽ 17 አንድ የአብነት ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው፤ ወደ አሳታሚው መልስ ተመለሱ። ፍቅርና ጸሎት በአንድ ጥራዝ አይገኙም የሚል ሰው ዳዊት ገልጦ አያውቅም አሉ። በብራና ዳዊታችን ውስጥ ከመዝሙሩና ከጸሎተ ነቢያት ቀጥሎ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን ይገኛል፤ ከእርሱም ቀጥሎ ውዳሴ ማርያም። መተርጕማኑ የክርስቶስና የቤተ ክርስቲያን ፍቅር ነው ብለው ይፈቱታል፤ ይህን ፍቺ ለማስተማር ግን የሙሽራውንና የሙሽራዪቱን ቃል ከመጽሐፉ አላወጡም። ስለ ባልና ሚስት መጻፍ ለሚሻ ደግሞ መጽሐፈ ጦቢትን ጠቈሙ፤ ጦብያና ሣራ በጫጕላቸው ሌሊት ተነሥተው አብረው ይጸልያሉ።

ምላሽ 18 የምላሽ 1 እኅት ነበረች፤ መጽሐፈ ጦቢት በእርሷ መጽሐፍ ቅዱስ እንደሌለ ገልጻ፣ ቢሆንም አንብባው እንደ ወደደችው ተናገረች። እንዲያው በጨዋታ፣ የአፈወርቅ ጦቢያና የጦቢት ልጅ ጦብያ ይዛመዳሉ ወይ ብላ ጠየቀች። ምላሽ 19 ጦቢያ በሕዝቡ አፍ የኢትዮጵያ መጠሪያ እንደ ሆነ አስታወሳት። ሁለቱም በሰላምታ ተሰነባበቱ። ከክሩ ውስጥ ያለ ቍርሾ ያለቀ ንግግር ይህ ብቻ ነው።

ምላሽ 20 አንድ ካህን ናቸው። እርሳቸው የጻፉት በአክብሮት ነው፤ ሐሳባቸው ግን ጠንካራ ነበር። ወለተ ጴጥሮስ ገድሏ ከዕረፍቷ ሠላሳ ዓመት ያህል ቈይቶ፣ በ1672 እ.ኤ.አ. የተጻፈላት፣ በስሟ የሚማጸኑ ምእመናን ያሏት ቅድስት ናት፤ ደራሲ ያልተናገረችውን ቃል በአፏ ቢያኖር አንባቢው የትኛው የገድል፣ የትኛው የብዕር እንደ ሆነ አይለይም። ቅድስቲቱ በሩቅ ትታይ፤ ስለ እርሷ ሌሎች ይናገሩ፤ እርሷ ግን በድርሰቱ ውስጥ አትናገር ብለው መከሩኝ። በመጀመሪያ ከበደኝ፤ ከእርሷ ጋር የጻፍሁት ሁለት ገጽ ንግግር የምወደው ነበር። ሳወጣው ግን የሆነው ያልጠበቅሁት ነው። ቅድስቲቱ ዝም ስትል ልጃገረዲቱ መስማት ጀመረች፦ በሌሊት የሚወርደውን የበር መወርወሪያ፣ በጭለማ የሚጫነውን በቅሎ፣ በማግሥቱ የጌታዋን ጩኸት።

ምላሽ 21 ስለ ጋብቻ ነው፤ የጻፉትም የባሕር ዳሩ መምህር ሲሆኑ፣ ካኮረፍሁባቸው ከአንድ ሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ። በመጨረሻው ምዕራፍ ሁለቱ ወጣቶች በተክሊል፣ በካባና በአክሊል እንደሚጋቡ በመግቢያዬ ጠቅሼ ነበር። መምህሩ ተክሊል የደናግል ሥርዓት መሆኑን፣ በዘመኑም በቁርባን የሚጋቡት በአብዛኛው ካህናትና ዲያቆናት እንደ ነበሩ አስረዱ። የቀረው ሕዝብ በዘመድና በዋስ ፊት በውል ይጋባ ነበር፤ ቁርባን ከማያፈርሱት ቃል ጋር ስለሚመጣ ብዙዎች ወደ እርጅናቸው ያቈዩት ነበር። ከታሪኬ መቶ ኀምሳ ዓመት ያህል ቈይቶ ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ በዚህ አገር ከሁለቱ ስምምነት በቀር ጋብቻ የሚባል ነገር የለም እስከ ማለት ደርሷል፤ አጋንኗል፤ ያየው ግን ይህን ልማድ ነው። ምላሽ 22 የውል ጋብቻ የሚጠራበት ሰማንያ የሚለው ስም ከሰማንያ ብር የመጣ ከሆነ፣ ብሩ ባልነበረበት ዘመን ሰማንያ ማለት ይቻላል ወይ ብሎ ጠየቀ። መልስ የሰጠው የለም። እኔ ቃሉን አውጥቼ በውል ብዬ ጻፍሁ።

ምላሽ 23 ወጣቱ ለልጅቷ በአማርኛ ደብዳቤ መላኩን ነቀፈ፤ የጽሕፈት ቋንቋ ግእዝ ነበርና። ምላሽ 24 አረመው፦ ለነገሥታት የተገጠሙ የአማርኛ ግጥሞች ከ14ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ተጽፈው ቈይተውልናል፤ ይልቁንም በዚያው በሱስንዮስና በፋሲል ዘመን፣ በሃይማኖት ክርክሩ ምክንያት፣ ሕዝቡ እንዲረዳው ታስቦ በአማርኛ የሃይማኖት ትምህርት ይጻፍ ነበር። ጭፍራ ግን መጻፍ ያውቅ ነበር ወይ? እዚህ ላይ ሁለቱም ተስማሙ፤ አያውቅም። ደብዳቤው በቃል የሚላክ ግጥም ሆነ፤ የሚያደርሰውም አንድ የቆሎ ተማሪ።

ምላሽ 25 ከሁሉ የከፋው ነው፤ ባልተርከው እመርጥ ነበር። ጸሐፊው ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብቦታል። ቀኑ ተሳስቷል፤ ከተማው ተሳስቷል፤ ዛፉ፣ ቡናው፣ ብሩ፣ ጾሙ፣ ጋብቻው ተሳስቷል፤ እንግዲህ በዚያች ሌሊት አንድም ቃል ሳያሰርዝ ያስጻፈሽ ማን ነው ሲል ጠየቀኝ። እግዚአብሔር ነው ካልሁ ስሕተቱን ለእርሱ መስጠቴ ነው፤ እኔ ነኝ ካልሁ ደግሞ ጥሪ የሚለውን ቃል ለእርማት መከላከያ ጋሻ አድርጌዋለሁ። ምላሽ 2 የጠየቀኝን፣ የንስሐ አባቴን ማማከሬን፣ ሳልመልስ ማለፌንም ያስተዋለው እርሱ ነው። ሁለት ቀን ወደ መድረኩ አልገባሁም። ከባለቤቴ ጋርም ያለ ምክንያት ተጣላሁ።

ምላሽ 26 ተከላከለልኝ፤ ነቢያትም የተጠሩት አፋቸው እየተንተባተበ እንደ ነበረ አነሣ። ደግነቱን አልረሳም፤ ግን ሙሴ ቢንተባተብም ግብጽ የት እንዳለች ያውቅ ነበር። በምላሽ 27 እኔ ራሴ ተመልሼ፣ የምላሽ 25 ነገር እውነት እንደ ሆነ ጻፍሁ። ጥሪ የሚለውን ቃል ከመጽሐፉ መቅድም አውጥቼዋለሁ። የንስሐ አባቴንም ጠይቄአለሁ፤ እርሳቸው ስለ ጥሪው አንድም ቃል ሳይናገሩ ለምን በሌሊት እንደምጽፍና መቼ እንደምተኛ ብቻ ጠየቁኝ። የቀረኝ ችግር ግን አንድ እንደ ሆነ ለመድረኩ ገለጽሁ፦ ሠርጉን ካጣሁ መጽሐፉ በምን ያልቃል?

በምላሽ 28 እስከዚያ ቀን ዝም ብላ ስታነብ የቈየች ሴት፣ ደቡብ ጎንደር ስለነበሩት አያቶቿ ጻፈች። አያቷና ወንድ አያቷ በውል ተጋብተው ሠላሳ ስምንት ዓመት ኖሩ፤ ዘጠኝ ወለዱ፤ ስድስት አሳደጉ። አያቷ ቁርባን ይፈልጉ ነበር፤ ባላቸው ግን በየዓመቱ ለከርሞ ይሉ ነበር። በመጨረሻ በአንድ የጥር እሑድ ሁለቱ ነጭ ለብሰው፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ቆመው እያዩ፣ አብረው ቈረቡ። የስድስት ዓመት ልጅ የነበረችው ጸሐፊዋ የአያቷን እጅ ይዛ ወደ ቤት ስትመለስ፣ አያቷ እንደ ሙሽራ አንገታቸውን ደፍተው መሬት መሬት ያዩ እንደ ነበር ታስታውሳለች።

ይህን አንብቤ ብዕሬን አነሣሁ። ወጣቶቼ በ1620ዎቹ እ.ኤ.አ. በውል ቢጋቡ፣ ከሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ ፋሲል ገና በዙፋኑ ላይ ናቸው፤ የሞቱት በ1667 ነው። ጎንደርም በዚያን ጊዜ ቆማለች፤ ከመጀመሪያው ምዕራፍ በእርማት የተባረረው ግንብ በመጨረሻው ምዕራፍ በሕጋዊ መንገድ ጥላውን ይጥላል። ለሴትዮዋ የአያቶቿን ነገር ልጠቀምበት ትፈቅድልኝ እንደ ሆነ ጠየቅሁ፤ ባልየው ለከርሞ ይሉ የነበረው ቃሉን እንዳያፈርሱ ፈርተው መሆኑን እንደ ገመትሁም ጨመርሁ።

ምላሽ 29 የእርሷ መልስ ነው። ፈቀደች፤ የደብሩን ስም ብቻ እንዳላነሣ ጠየቀች። ግምቴን ግን አረመችው። ወንድ አያቷ ያዘገዩት ቃሉን እንዳያፈርሱ ፈርተው አልነበረም፤ በድንበር መሬት ከታናሽ ወንድማቸው ጋር ተካሰው፣ ለሃያ ዓመት ሳይነጋገሩ ኖረዋልና፣ ቂም ይዘው ወደ መቅደስ መግባት ስለ ፈሩ ነው። በዚያ ጥር፣ ከቁርባኑ በፊት በነበረው ሳምንት፣ በአንገታቸው ድንጋይ ተሸክመው ወደ ወንድማቸው ደጅ ሄዱ። ወንድምየው በሩን ከፍተው ሲያዩአቸው ምንም ሳይናገሩ ብዙ ቆሙ፤ ከዚያ ወጥተው ድንጋዩን ራሳቸው አወረዱላቸው።